ኤዲሲፒን ከሊኑክስ ተርሚናል ማሠራት፦ ከመሣሪያው በደህና የወጣው ዳታ ዲስክ ላይ ሲደርስ ለምን ይበላሻል?

ጥያቄ — ጥቁር ውሃ (ሀዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ።

በሀዋሳ ሀይቅ ውስጥ ውሃው እንዴት እንደሚዘዋወር የምናጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነን። ሀይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 22 ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የሌለው ነው። በመሆኑም በጥቁር ውሃ ወንዝም ሆነ ከከተማው በጎርፍ የሚገባው ነገር የት ደርሶ እንደሚቀመጥ በአብዛኛው የሚወስነው ነፋስ የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ፍሰት ነው። ይህን ፍሰት ለመለካት 600 ኪሎኸርዝ የሆነ፣ አራት ቢም (የድምፅ ጨረር) ያለው፣ ወርክሆርስ የሚባለው ዓይነት ኤዲሲፒ በውሰት አግኝተናል። ለማያውቁት፣ ኤዲሲፒ ድምፅ ወደ ውሃው ይልካል፤ በውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነገሮች ተመልሶ በሚመጣው ድምፅ ላይ የሚታየውን የድግግሞሽ ለውጥ በመለካትም ውሃው በየጥልቀቱ በምን ፍጥነት ወደየት እንደሚሄድ ያሳውቃል።

አምራቹ የሚያቀርበው ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ሲሆን ሰው ፊቱ ተቀምጦ እንዲከታተለው ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በጀልባ ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ መዋል ለባትሪውም ለዝናቡም ስለማይመች፣ ያለ ስክሪን የሚሠራ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ላይ ሊኑክስ ጭነን ሥራውን በሙሉ ከተርሚናል ማካሄድ እንፈልጋለን። እስካሁን ያልፈታናቸው ችግሮች የሚከተሉት ናቸው።

በመጀመሪያ፣ በአምራቹ የዊንዶውስ ተርሚናል ብሬክ (የማንቂያ ምልክት) ሲላክለት መሣሪያው ነቅቶ ስሙንና የሶፍትዌሩን እትም ይጽፋል፤ በፓይተን በጻፍነው ስክሪፕት ያንኑ ብሬክ ስንልክለት ግን አንዳች መልስ አይሰጥም። ከዚህ ይልቅ ያሳሰበን ሁለተኛው ነው። መሣሪያውን በላፕቶፑ አስጀምረን፣ ገመዱን ወደ ፓይ አዛውረን፣ ከፖርቱ የሚመጣውን ካት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ፋይል ስናስገባ፣ ከተቀመጡት የዳታ ጥቅሎች ከግማሽ የሚበልጡት ቼክሰማቸው (ጥቅሉ ሳይበላሽ መድረሱ የሚረጋገጥበት ድምር) አይገጥምም። መሣሪያው በራሱ ካርድ ላይ በዚያው ሰዓት የመዘገበው ዳታ ግን ምንም እንከን የለበትም። በተጨማሪም ጂፒኤሱና ኤዲሲፒው በሁለት የዩኤስቢ መለወጫዎች ስለተገናኙ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር የፖርቶቹ ቁጥር ይለዋወጣል።

የምንልካቸው ትእዛዞች ብዙ አይደሉም። ባውድ ሬቱ (የመስመሩ የመላኪያ ፍጥነት) እንደ ፋብሪካው 9600 ነው፤ የጥልቀት ክፍሎቹ 30፣ የእያንዳንዳቸው ቁመት 1 ሜትር ነው፤ የሀይቁን ወለል የሚከታተለው ፒንግ (መሣሪያው በየጊዜው የሚልከው ድምፅ) በርቷል፤ ጥቅሎቹ በየግማሽ ሰከንዱ እንዲመጡ አዘናል። ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ትተነዋል። የሀዋይ ዩኒቨርሲቲ ለምርምር መርከቦች ያዘጋጀው ዩህዳስ የሚባል ሶፍትዌር እንዳለ አንብበናል። እሱን መጫን ይሻለናል ወይስ የራሳችንን ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ? በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን ውለታችሁን አንረሳም።

መልስ — ናዝሬት (አዳማ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የውሃ ጥናት ሙያዬ አይደለም። ይሁን እንጂ እዚህ አዳማ የፋብሪካ መለኪያዎችን በሲሪያል ገመድ ከሊኑክስ ጋር ማገናኘት የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ፣ ችግሮቻችሁን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ዳታችሁን የሚያጠፋው እሱ ነውና። ሊኑክስ አንድን ሲሪያል ፖርት በነባሪው የሚያየው ሰው ተቀምጦ የሚጽፍበት ተርሚናል አድርጎ ነው። ስለዚህ በመስመሩ የሚመጡትን አንዳንድ ባይቶች እንደ ዳታ ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ይተረጉማቸዋል። ዋጋው 13 የሆነው ባይት ወደ 10 ይለወጣል፤ 17 እና 19 የሆኑት «ቀጥል» እና «ቁም» የሚሉ የፍሰት መቆጣጠሪያ ምልክቶች ተደርገው ይወሰዱና ከዳታው ውስጥ ይጠፋሉ፤ 4 የሆነው የፋይል መጨረሻ፣ 127 የሆነው ደግሞ ያለፈውን ፊደል ሰርዝ ማለት ይሆናል። ለጽሑፍ ይህ ሁሉ አግባብ ነው። የእናንተ መሣሪያ የሚልከው ግን ባይነሪ ስለሆነ፣ ፍጥነቱን በሚሊ ሜትር በሰከንድ የሚገልጸው ቁጥር ውስጥ 13፣ 17 ወይም 19 የሆነ ባይት መገኘቱ የማይቀር ነው። በአንድ ጥቅል ውስጥ ከመቶዎቹ ባይቶች አንዱ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ ደግሞ ቼክሰሙ አይገጥምም። ካት ፖርቱን ሲከፍት ይህን ጠባይ አያስተካክልም፤ ባገኘው ሁኔታ ይጠቀማል እንጂ።

ከዚህም የሚብስ አለ። በነባሪው ሁኔታ ኮምፒውተሩ የተቀበለውን ባይት መልሶ ወደ መሣሪያው ያስተጋባል። ልኬት ላይ ላለ መሣሪያ ትርጉም የሌለው ነገር ያለማቋረጥ መላክ ማንም የማይመክረው ነው።

መፍትሔው ፖርቱን ጥሬ በሚባለው ሁኔታ መክፈት ነው። ስቲቲዋይ በሚባለው ትእዛዝ የፖርቱን ስምና የባውድ ሬቱን ከሰጣችሁ በኋላ «ሮው» እና «ማይነስ ኢኮ» የሚሉትን አማራጮች ጨምሩበት። የፓይተኑ የሲሪያል ላይብረሪ ግን ይህን በራሱ ስለሚያደርግ፣ ካትን ትታችሁ ማስነሣቱንም መመዝገቡንም በአንድ ፕሮግራም ብትሠሩት ይህ ችግር ሙሉ በሙሉ ይወገዳል። ከመለወጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። በመሣሪያው ካርድ ላይ ያለውን ፋይልና በካት የተቀዳውን በተመሳሳይ የጥቅል ቁጥር ቆርጣችሁ መጠናቸውን አወዳድሩ። በካት የተቀዳው ካነሰ ባይቶች ተበልተዋል ማለት ነው፤ መጠኑ እኩል ሆኖ ቼክሰሙ ካልገጠመ ባይቶች ተለውጠዋል ማለት ነው። ሁለቱም አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

ወደ ብሬኩ ስንመጣ፣ ነገሩ የጊዜ ርዝመት ነው። ብሬክ ማለት መስመሩን ከአንድ ፊደል ርዝመት በላይ በአንድ ሁኔታ ይዞ መቆየት ሲሆን፣ ወርክሆርስ እንዲነቃ ከ300 ሚሊ ሰከንድ ያላነሰ ይፈልጋል። በፓይተኑ ላይብረሪ ውስጥ ብሬክ የሚልከው ተግባር ነባሪው 250 ሚሊ ሰከንድ ነው። ቁጥሩን ከፍ ማድረግም ሁልጊዜ አይረዳም፤ ርዝመቱን በተግባር የሚወስነው ከሥር ያለው የሊኑክስ ጥሪ በመሆኑ ከእትም እትም ሊለያይ ይችላል። አስተማማኙ መንገድ የብሬክ ሁኔታ የሚለውን ባሕርይ ራሳችሁ ማብራት፣ ግማሽ ሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያም ማጥፋት ነው። መሣሪያው ራሱን አስተዋውቆ የ«ይበልጣል» ምልክት እስኪያሳይ ጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ላኩ፤ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላም ያው ምልክት እስኪመለስ ሳትጠብቁ ቀጣዩን አትላኩ። የትእዛዙ መስመር የሚዘጋው በካሪጅ ሪተርን (ዋጋው 13 በሆነው ባይት) ነው፤ በሊኑክስ የተለመደው የአዲስ መስመር ምልክት ብቻውን አይበቃም። መሣሪያው የሚመልሰውን ጽሑፍ ሁሉ በተለየ ፋይል መዝግቡ። ከወራት በኋላ «የትኛው ቅንብር ነበር?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ መልሱ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

ስለ ፖርቶቹ ስም፣ በሊኑክስ የመሣሪያዎች ማውጫ ውስጥ «ሲሪያል» የሚባል ንዑስ ማውጫ አለ፤ በውስጡ «ባይ አይዲ» እና «ባይ ፓዝ» የሚባሉ ሁለት አሉ። መለወጫዎቻችሁ የኤፍቲዲአይ ቺፕ ካላቸው በአብዛኛው ለየራሳቸው መለያ ቁጥር ስላላቸው በመጀመሪያው ተጠቀሙ። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ግን መለያ ቁጥር ስለሌላቸው ሁለቱ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ እንዲህ ከሆነ በሁለተኛው፣ ማለትም በተሰኩበት ቀዳዳ በሚለየው ስም ተጠቀሙና ቀዳዳዎቹን በቀለም ምልክት አድርጉባቸው። ተጠቃሚው «ዳያልአውት» በሚባለው ቡድን ውስጥ መግባቱንም እዩ። አንዳንዶች ይህን ሳያደርጉ ሁሉን ነገር በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ያሠራሉ፤ አያስፈልግም። ዴስክቶፕ ኡቡንቱ ለምትጠቀሙ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሞደም ማኔጀር የሚባለው አገልግሎት አዲስ የተሰካ ሲሪያል መሣሪያ ሞደም መሆን አለመሆኑን ለመለየት የራሱን ትእዛዝ ሊልክበት ይችላልና አጥፉት።

መልስ — ጥልቅ ውሃ

የአዳማው ወንድማችን የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ዩህዳስ በመርከብ ላይ ሲሠራ የማየት ዕድል ስለነበረኝ ስለ እሱና ስለ ቅንብራችሁ ልጨምር።

ዩህዳስ በሀዋይ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ፣ በሊኑክስ የሚሠራ፣ በአብዛኛው በፓይተን የተጻፈ ክፍት ሶፍትዌር ነው። በበርካታ የአሜሪካ የምርምር መርከቦች ላይ ተጭኗል። እነዚያ መርከቦች ቀፏቸው ላይ የተገጠሙ፣ ከእናንተው በጣም ዝቅ ባለ ድግግሞሽ የሚሠሩ መሣሪያዎች አሏቸው፤ 38 ኪሎኸርዝ የሆነው ሁኔታው ሲመች እስከ 1000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዩህዳስ የኤዲሲፒውን፣ የጂፒኤሱንና የመርከቡን አቅጣጫ የሚሰጡትን መሣሪያዎች ዳታ በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ሲመዘግብ ኮዳስ በሚባለው የማቀናበሪያ ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃ ውጤት ያወጣል፤ ወደ ባሕር ዳርቻም በየቀኑ አጭር ዘገባ በኢሜይል ይልካል። ቅንብሩ ለእያንዳንዱ መርከብ ለብቻው የሚዘጋጅ ሲሆን፣ አቅጣጫን ያለማቋረጥ የሚሰጥ ጋይሮ ወይም የሚመስለው መሣሪያ እንዳለ ታሳቢ ያደርጋል። ለአንዲት ትንሽ ጀልባና ለአንድ ኤዲሲፒ ይህን ሁሉ መጫንና መንከባከብ ከጥናታችሁ ጊዜ የሚወስድባችሁ ይመስለኛል። የራሳችሁን ትንሽ መዝጋቢ ጻፉ።

ከዩህዳስ አሠራር ግን አንድ ነገር ሳታጓድሉ ውሰዱ። ከመሣሪያው የወጣው ባይት በወጣበት መልክ ይቀመጣል፤ ከእያንዳንዱ መልእክት ጋርም ኮምፒውተሩ የተቀበለበት ሰዓት አብሮ ይመዘገባል፤ ማጣራት፣ ማዞርና ማማከል ሁሉ የሚሠራው በኋላ፣ በሌላ ፋይል ላይ ነው። የኤዲሲፒውን ባይነሪ ብቻውን በአንድ ፋይል አስቀምጡ፤ በአጠገቡም እያንዳንዱ ጥቅል በየትኛው ባይት ላይ እንደጀመረና በስንት ሰዓት እንደደረሰ የሚናገር ሌላ የጽሑፍ ፋይል ይኑር። ሰዓቱን ባይነሪው መካከል አትሰኩት፤ ያን ካደረጋችሁ ነባር ማንበቢያ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ዶልፊን የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ወይም ኦሺ የሚባለው የአር ፓኬጅ፣ ፋይላችሁን በቀጥታ ማንበብ አይችሉም። በየሰዓቱ አዲስ ፋይል ክፈቱ፤ ኃይል ቢቋረጥ የሚጎዳው የዚያ ሰዓት ፋይል ብቻ ይሆናል።

ጥቅሉን ማረጋገጥ ከባድ አይደለም። ፒዲዜሮ በሚባለው ፎርማት እያንዳንዱ ጥቅል ዋጋቸው 127 በሆኑ ሁለት ባይቶች ይጀምራል፤ ቀጣዮቹ ሁለት ባይቶች ርዝመቱን ይናገራሉ፤ ከዚያ ርዝመት ቀጥለው የሚገኙት ሁለት ባይቶች ቼክሰሙ ናቸው። ከእነሱ በፊት ያሉትን ባይቶች ሁሉ ደምራችሁ ለ65536 ስታካፍሉ የሚቀረው ቁጥር ከቼክሰሙ ጋር እኩል መሆን አለበት። መዝጋቢያችሁ ይህን እየቆጠረ፣ ያልገጠሙት ከመቶ ስንት እንደሆኑ በየደቂቃው አንድ መስመር ቢጽፍ ችግሩን ሀይቁ ላይ ሳላችሁ ታውቁታላችሁ። 127 የሆኑ ሁለት ባይቶች በዳታው መካከልም በአጋጣሚ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ቼክሰሙ ሳይገጥም ጥቅል ጀመረ ብላችሁ አትቀበሉ።

አሁን ስለ ቅንብራችሁ። በጠቀሳችሁት መሠረት ባሰላው፣ 30 የጥልቀት ክፍሎች ያሉት፣ ፍጥነትን፣ ኮሪሌሽንን፣ የተመለሰውን ድምፅ ጥንካሬ፣ የጥሩ ፒንጎችን መቶኛና የወለሉን ዳታ የያዘ ጥቅል ወደ 840 ባይት ይደርሳል። በ9600 ባውድ መስመሩ በሰከንድ የሚያሳልፈው 960 ባይት ነው። እንግዲህ አንዱን ጥቅል ለማስተላለፍ ብቻ ወደ 0.9 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ እናንተ ግን በየግማሽ ሰከንዱ አዛችኋል። መሣሪያው ያዘዛችሁትን መፈጸም ስለማይችል የሚደርስበትን ያህል ብቻ ይሠራል፤ በጥቅሎቹ መካከል ያለው ጊዜም ካሰባችሁት ይለያል። የባውድ ሬቱን ወደ 115200 ከፍ አድርጉ፤ ትእዛዙ ሲቢ ሆኖ ቁጥሩ 811 ነው። ያኔ ያው ጥቅል ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል። ለውጡን ከላካችሁ በኋላ ፖርታችሁን በአዲሱ ፍጥነት መልሳችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ ሲኬ በሚለው ትእዛዝ አስቀምጡ። ሲኤፍ በሚለው ትእዛዝ ውስጥ የመጨረሻው አሃዝ 1 ከሆነ መሣሪያው በካርዱም ይመዘግባል። የፓይው ምዝገባ አስተማማኝ መሆኑ እስኪረጋገጥ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ ይህን አታጥፉት።

«ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ትተነዋል» ያላችሁት ግን በጣም ያሳስበኛል። መሣሪያው የተሠራው በዋናነት ለባሕር ነው፤ ኢኤስ የሚባለው የጨው መጠን ትእዛዝ ነባሪው 35 ነው። የሀዋሳ ሀይቅ ውሃ ጨው በዚያ መለኪያ ከ1 በታች ስለሆነ 0 ብላችሁ እዘዙት። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ድምፅ በጨዋማ የባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1535 ሜትር ገደማ፣ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ደግሞ 1497 ሜትር ገደማ ይጓዛል። መሣሪያው ፍጥነትን የሚያሰላው በዚህ ቁጥር አባዝቶ ስለሆነ፣ የምታገኙት ፍጥነት ሁሉ ከእውነተኛው በ2.5 ከመቶ ይበልጣል። ጀልባዋ ቆማ ከሆነና ፍሰቱ በሰከንድ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስህተቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጀልባዋ በሰከንድ 2 ሜትር እየሄደች፣ የጀልባዋን ፍጥነት ከጂፒኤስ ወስዳችሁ ከኤዲሲፒው ልኬት ጋር ስታዋህዱት ግን፣ በጀልባዋ መንገድ አቅጣጫ በሰከንድ 5 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ በውሃው ውስጥ የሌለ ፍሰት ይፈጠራል። በሀይቅ ውስጥ ይህ የምትፈልጉትን ፍሰት የሚያህል ነው። የጀልባዋን ፍጥነት ከወለሉ መከታተያ ብትወስዱ ሁለቱም በአንድ መጠን ስለሚሳሳቱ ጉዳቱ 2.5 ከመቶው ብቻ ሆኖ ይቀራል። እስካሁን የሰበሰባችሁት አልጠፋም፤ መሣሪያው የተጠቀመበትን የድምፅ ፍጥነት በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ስለሚጽፍ፣ በትክክለኛው ፍጥነት አባዝቶ በተጻፈው በማካፈል ማረም ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢሞቹ ከቀጥታው መስመር በ20 ዲግሪ ያዘነበሉ ስለሆኑ፣ ከወለሉ አጠገብ ያለው 6 ከመቶ የሚሆነው ጥልቀት ከወለሉ በቀጥታ በሚመለሰው ደካማ ድምፅ ይበከላል። በ20 ሜትር ጥልቀት የታችኛውን 1.2 ሜትርና ያን ድንበር የሚነካውን ክፍል በማቀናበር ጊዜ አውጡት። ይህንንም በምዝገባ ጊዜ አትቁረጡት።

ጥቁር ውሃ (ሀዋሳ)

ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። እንደተመከርነው ፋይሎቹን አወዳደርን፤ በካት የተቀዳው በእርግጥም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ፖርቱን ጥሬ አድርገን ከከፈትነው በኋላ፣ መሣሪያውን ውሃ በተሞላ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ አስቀምጠን ሌሊቱን ሙሉ ስንመዘግብ ቼክሰሙ ያልገጠመ ጥቅል አልተገኘም። ብሬኩም በግማሽ ሰከንድ ሠርቷል፤ የጨው መጠኑንና ባውድ ሬቱንም አስተካክለናል።

ሁለት ጥያቄዎች ይቀሩናል። ሀይቁ ላይ ኢንተርኔት ስለማይኖረን የፓይው ሰዓት ትክክል መሆኑን እንዴት እናረጋግጣለን? ኃይሉንስ ከምን እንውሰድ? ደግሞም የምንከራየው ጀልባ አካሉ ብረት፣ ሞተሩም ከኋላ የተገጠመ ነው። ኮምፓሱ ይታመናል?

መልስ — ታቦር ግርጌ (ሀዋሳ)

ስለ ሰዓቱና ስለ ኃይሉ እኔ ልመልስ።

ራስፕቤሪ ፓይ 4 ኃይል ሲቋረጥ ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ ያለው የሰዓት ቺፕ የለውም። ኢንተርኔት በሌለበት ሲነሣ ባለፈው ከመጥፋቱ በፊት ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላል እንጂ ትክክለኛውን አያውቅም። ጂፒኤሱ አብሯችሁ ስላለ ጂፒኤስዲ እና ክሮኒ የሚባሉትን ሁለት ፕሮግራሞች ጫኑ፤ የመጀመሪያው ሰዓቱን ከጂፒኤሱ ያነባል፣ ሁለተኛው የኮምፒውተሩን ሰዓት በዚያ ያስተካክላል። መዝጋቢው ፕሮግራም ክሮኒ ሰዓቱን ማስተካከሉን ሳያረጋግጥ እንዳይጀምር አድርጉ፤ አለዚያ የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች የትናንት ስም ይዘው ይፈጠራሉ። መዝጋቢውን ራሱን በሲስተምዲ (ሊኑክስ ፕሮግራሞችን በሚያስነሣበት ሥርዓት) አገልግሎት አድርጋችሁ ብታዘጋጁት ቢወድቅ በራሱ ይነሣል።

የኮምፒውተሩ፣ የኤዲሲፒውና የፋይሎቹ ስም ሰዓት ሁሉ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይሁን። ይህን አጥብቄ የምለው በማስታወሻ ደብተር የሚጽፈው ሰው የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት በዩቲሲ 6 ሰዓት ነው፤ በአጭሩ በቀን ከሆነ በእኛ ሰዓት ላይ 3፣ በማታና በሌሊት ከሆነ 15 መደመር ነው፤ ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ይቀነሳል። ችግሩ የሚመጣው በሌሊት ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በዩቲሲ ያለፈው ቀን 23 ሰዓት ስለሚሆን ቀኑም ይለወጣል። በስልክ የሚታየው ሰዓት ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር ይጨምራል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፦ አንዱ በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን፣ ሌላው ከፓይው ላይ በቀጥታ የተነበበ ዩቲሲ። ነፋስ መነሣቱ፣ ጀልባዋ መዞሯ፣ ሞተሩ መጥፋቱ የሚጻፈው በሁለቱም ነው።

ኃይሉን በተመለከተ፣ መሣሪያው ከውጭ የሚቀበለው ከ20 እስከ 50 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ስለሆነ አንድ ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ አይበቃውም። ሁለቱን በተከታታይ አገናኙና 24 ቮልት አድርጉት፤ በመስመሩም ላይ ፊውዝ አስገቡ። ለፓይው ከዚያው 24 ቮልት ወደ 5 የሚያወርድ መለወጫ ይበቃል፤ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ አትውሰዱ፣ ባትሪዎቹ እኩል አይደክሙምና።

መልስ — ጥልቅ ውሃ

ስለ ኮምፓሱ የመጨረሻውን ልበል። የብረት ጀልባ ላይ የመሣሪያው ኮምፓስ እንዳለ አይታመንም። ከተቻለ የእንጨት ወይም የፋይበር ጀልባ ፈልጉ፤ ካልተቻለ መሣሪያውን ከሞተሩ በሚርቀው ጎን፣ ብረት ባልሆነ ዘንግ ላይ ስቀሉት፤ ባትሪዎቹንም አርቁ። ከዚያ ኤኤፍ በሚባለው ትእዛዝ፣ ጀልባዋን በዝግታ ክብ እያዞራችሁ፣ ኮምፓሱን በተገጠመበት ቦታ አስተካክሉ። አገጣጠሙን በለወጣችሁ ቁጥር መድገም አለባችሁ።

ከዚያም በኋላ የሚቀር የአቅጣጫ ስህተት ይኖራል፤ መጠኑን ግን ራሱ ዳታው ይነግራችኋል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ በአንድ ፍጥነት ሂዱና በዚያው መስመር ተመለሱ፤ ቀጥሎ ለእሱ ቀጤ ነክ በሆነ መስመር ያንኑ ድገሙ። ወለሉን የሚከታተለው ፒንግ የሰጠውን የጀልባ ጉዞ አቅጣጫ ጂፒኤሱ ከሰጠው ጋር ስታወዳድሩ፣ ልዩነቱ በአራቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ከሆነ የአገጣጠም ማዕዘንና የማግኔት ሰሜን ልዩነት ድምር ነው፤ በአንድ ቁጥር ይታረማል። ከአቅጣጫ አቅጣጫ የሚለያይ ከሆነ የብረቱ ተጽዕኖ ገና አልተወገደም ማለት ነው። የጀልባዋን ፍጥነት ከጂፒኤስ በምትወስዱበት ጊዜ የ1 ዲግሪ ስህተት በሰከንድ 2 ሜትር ለምትሄድ ጀልባ ወደ ጎን 3.5 ሳንቲ ሜትር በሰከንድ የሚሆን ሐሰተኛ ፍሰት ይፈጥራል፤ በዝግታ መሄድ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ለዚህ ሁሉ ይረዳችሁ ዘንድ ኢኤክስ የሚባለውን ትእዛዝ 00000 አድርጋችሁ ዳታውን በቢም አቅጣጫ መዝግቡ፤ ነባሪው ሌላ ነው። መሣሪያው ራሱ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ቀይሮ፣ ብዙ ፒንጎችንም አማክሎ ከሰጣችሁ፣ አንድ ቢም ዓሣ ወይም የዓሣ አጥማጆች መረብ የነካው እንደሆነ ለይታችሁ ማውጣት አትችሉም። አንድ ፒንግ ለአንድ ጥቅል አድርጉ፤ ማማከሉን በኋላ በቢሮ ሥሩት፤ የ100 ፒንጎች አማካይ የዘፈቀደውን ስህተት ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል። በሰከንድ አንድ ጥቅል ብትመዘግቡ በቀን ከ73 ሜጋ ባይት አይበልጥም፤ ቦታ አያጣብባችሁም። ያገኛችሁትን የማዕዘን ማረሚያ ቁጥር በመሣሪያው ውስጥ አታስገቡት፤ ከቀኑና ከጀልባው ዓይነት ጋር በማቀናበሪያው የቅንብር ፋይል ውስጥ ጻፉት፤ በሚቀጥለው ጉዞ የተሻለ ቁጥር ስታገኙ የመጀመሪያውን ዳታ እንደገና ማስላት የሚቻለው እንዲያ ሲሆን ነው።